አምስት እባብ፣ ሦስት ግዛት

የአሜሪካን ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ቴነሲ የተጋደመ ሳንቃ ይመስላል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ረዘም ብሎ ተኝቷል። ከሥሩ ጆርጂያ፣ አላባማና ሚሲሲፒ ተደርድረዋል፤ ከላዩ ኬንታኪና ቨርጂኒያ አሉ። ስለዚህ ከአላባማ ተነስቶ ኬንታኪ የሚገባ ሰው ወይ ቴነሲን አቋርጦ ማለፍ አለበት፣ ወይ በሌሎች ግዛቶች በኩል ዞሮ መምጣት አለበት። ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የሚመርጥ የለም። አንድ የኬንታኪ ፓስተርም አልመረጠውም፤ በመኪናው አምስት መርዛማ እባቦች ጭኖ ቴነሲን ሲያቋርጥ ተያዘና ፍርድ ቤት ቆመ።

ያንን መንገድ ያየሁት አትላንታ ያለችው ልጄ ዘንድ በከረምኩበት ጊዜ ነው። ልጄ ሥራ ስለነበራት ቀረች፤ አማቼ እኔንና የአሥራ ሁለት ዓመቷን የልጅ ልጄን ይዞ ኩምበርላንድ ጋፕ የሚባለውን የተራራ በር ሊያሳየን ማለዳ ከቤት ወጣን። የፓስተሩንም ታሪክ ያጫወተኝ መንገድ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጂያን ጨርሰን ቴነሲ መግባታችንን ያወቅሁት አማቼ ስለነገረኝ ነው። እኛ አገር ኬላ ሲባል ትዝ የሚለን የተዘረጋ ገመድ፣ ፊሽካ የያዘ ተቆጣጣሪና «ምን ጭነሃል?» የሚለው ጥያቄ ነው። እዚህ ገመድም ጠያቂም የለም። መንገዱ ዳር እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ መኪናው ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ ያልፈዋል።

«ታዲያ ድንበር መሆኑ በምን ይታወቃል?» አልኩት።

«አባባ፣ ሕግ ካልጣሱ አይታወቅዎትም» አለኝ።

ከቻተኑጋ ከተማ እስከ ኖክስቪል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ኮረብታው ዝቅ ከፍ ይላል፣ ሸለቆው ውስጥ ወንዙ ሰፍቶ ተኝቷል። የእባቡ ነገር የተጀመረው እዚሁ አካባቢ ነው። በ1910 አካባቢ ጆርጅ ሄንስሊ የሚባል ሰው የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የሚያምኑ ሰዎች ምልክት ተብሎ የተጻፈውን፣ እባብ መያዝን የሚጠቅሰውን ቃል፣ ቃል በቃል ወስዶ በጉባኤ ፊት እባብ ማንሳት ጀመረ። ልማዱ በአፓላሺያ ተራሮች ውስጥ ከመንደር መንደር ተዛመተ። ተከታዮቹ ከጴንጤቆስጤ ወገን ቢሆኑም ከጴንጤቆስጤዎቹ አብዛኞቹ ይህን አያደርጉም፤ እንዲያውም ይቃወሙታል። ሄንስሊ ራሱ በ1955 ፍሎሪዳ ውስጥ እባብ ነድፎት ሞተ።

ሰው ሲሞት ሕግ ተከተለ። ኬንታኪ በ1940 በሃይማኖት ስብሰባ ላይ እባብ መጠቀምን ከለከለች፤ ቅጣቱ ከ50 እስከ 100 ዶላር ነው። ቴነሲ በ1947 የራሷን አወጣች። አላባማ በ1950 ከልክላ በ1975 ሕጉን ሻረችው። ዌስት ቨርጂኒያ ጭራሽ አልከለከለችም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ግዛቶች የሚዋሰኑ ወይም በአንድ ቀን መንገድ የሚገናኙ ናቸው።

ኖክስቪል ስንደርስ ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። አማቼ አውራ ጎዳናውን እያሳየ «እዚህ ከተማ ነው ያስቆሙት» አለ። ሰውየው ጄሚ ኩትስ ይባላል፤ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ሚድልስቦሮ የአንዲት አነስተኛ ጸሎት ቤት ፓስተር ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ ቻናል በ2013 ስለእሱና ስለመሰሎቹ ተከታታይ ፊልም ስላሳየ ብዙ አሜሪካዊ ያውቀዋል።

ከመንግሥት ጋር የተገናኘው በዚያ ዓመት ብቻ አልነበረም። በ2008 የኬንታኪ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪዎች በድብቅ ሲከታተሉ ቆይተው ከቤቱ 74 እባቦች ወስደውበታል። ከዚያ በኋላ ጥር 31 ቀን 2013 ከአላባማ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኖክስቪል ላይ ፖሊስ አስቆመው። መኪናው ውስጥ ሦስት ራትልስኔክና ሁለት ኮፐርሄድ ተገኙ። ራትልስኔክ ጅራቱ ጫፍ ላይ ደረቅ ቀለበት ተደራርቦ የበቀለበት፣ ሲቆጣ እንደ ጽናጽል የሚያንሿሿ እባብ ነው። ኮፐርሄድ ደግሞ ራሱ የመዳብ መልክ አለው፤ በደረቅ ቅጠል ላይ ተኝቶ አጠገቡ ብትቆሙ አታዩትም።

እባቦቹ ተወረሱ። ፓስተሩ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አመነና የአንድ ዓመት ገደብ ተፈረደበት። ማለትም አልታሰረም፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ጥፋት እንዳይደግም ተጠንቅቆ መኖር ነበረበት።

የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና ስታዳምጥ ኖሯል። «እባብ መግዛት አላባማ ውስጥ ካላሳሰራቸው፣ ኬንታኪ ውስጥም ከተፈቀደላቸው፣ መሀል ላይ ለምን ጥፋት ይሆናል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የአገሩ ጠበቆችም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አይጠይቁም።

መልሱ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን አውሬ የሚያስተዳድረው ራሱ መሆኑ ነው። በኬንታኪ ፈቃድ ያወጣ ሰው መርዛማ እባብ ቤቱ መያዝ ይችላል። ቴነሲ ግን የዱር እንስሳትን በደረጃ ከፋፍላለች፤ መርዛማ ተሳቢ እንስሳት በሙሉ አንደኛ ደረጃ ውስጥ፣ ከአንበሳና ከዝሆን ጋር ተመድበዋል። ይህን ደረጃ መያዝ የሚፈቀደው ለእንስሳት ማቆያ፣ ለሰርከስና እያራባ ለሚሸጥ ድርጅት ነው። ተራ ሰው፣ ፓስተርም ቢሆን፣ አይሰጠውም። የኬንታኪ ወረቀት ደግሞ ቴነሲ ላይ ወረቀት ብቻ ነው። እንደ መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ በሁሉም ዘንድ ይከበራል፣ የእባብ ፈቃድ ግን ከሰጠው ግዛት አይሻገርም።

ከዚህ በላይ የፌዴራል መንግሥቱ ሕግ አለ። ሌሲ አክት ይሉታል፤ ከ1900 ጀምሮ አለ። አንድን የዱር እንስሳ የአንዱን ግዛት ሕግ ጥሶ ወስዶ ወደ ሌላ ግዛት ማሻገር በራሱ ሌላ ወንጀል ይሆናል ይላል። በመጀመሪያ የወጣው አዳኞች ወፍ በአንዱ ግዛት ገድለው በሌላው ገበያ እንዳይሸጡ ነበር፤ አሁን እባብንም ይይዛል። የኩትስ ጉዳይ ግን በግዛቲቱ በራሷ ሕግ ነው የታየው። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ፖስታ ቤትም ማንኛውንም እባብ፣ መርዝ ኖረውም አልኖረው፣ አይቀበልም። ስለዚህ እባብ የሚያሻግር ሰው ብዙ ጊዜ በራሱ መኪና ነው የሚያሻግረው።

ፓስተሩ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሐሳቡ ሕገ መንግሥቱ የሃይማኖት ነፃነት ሰጥቶኛል፣ እባብ ማንሳቴም በዚያ ውስጥ ነው የሚል ነው። አማቼ በዚህ ነገር ግማሽ ልቡ ከሰውየው ጋር ነው። «አባባ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ በራሱ ሕይወት ከቆረጠ መንግሥት ምን አገባው? ተራራ የሚወጣ ሰውም ወድቆ ይሞታል፣ ሞተር ብስክሌት የሚነዳም ይሞታል» አለኝ።

እኔ ግን መንገዱን እያየሁ ነበር። በዚያ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። የእባብ ሳጥን የጫነ መኪና ቢገለበጥ መጀመሪያ የሚደርሰው ማን ነው? በሩን ፈልቅቆ ቁስለኛ የሚያወጣው፣ እጁን ወንበር ሥር የሚከተው፣ ምን እንዳለ የማያውቅ መንገደኛ ወይም የአምቡላንስ ሠራተኛ ነው። ፓስተሩ በጸሎት ቤቱ እባብ ሲያነሳ ወዶ ነው፤ ጉባኤውም ገብቶት ነው የሚቀመጠው። መንገድ ላይ ግን ማንም ተጠይቆ አልተስማማም። ይህን ስለው አማቼ ትንሽ ዝም አለና «እሱስ እውነት ነው» አለ።

ከኖክስቪል ወደ ሰሜን ስንሄድ በስተግራ ወደ ላፎሌት የሚወስድ መንገድ አለ። እዚያም በዚያው በ2013 ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪዎች ከአንድ ጸሎት ቤት 53 እባቦች ወሰዱ። ፓስተሩ አንድሩ ሃምብሊን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ ከኩትስ ጋር በዚያው ፊልም ላይ ታይቷል። ጉዳዩ ግራንድ ጁሪ ለሚባለው፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ ለሚወስነው የነዋሪዎች ጉባኤ ቀረበ። ጉባኤው በጥር 2014 ክስ አይመሠረትበትም ብሎ አሰናበተው። እንግዲህ እዩት፦ በአንዲት ግዛት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ አምስት እባብ ጭኖ ያለፈው ተፈረደበት፤ ሃምሳ ሦስቱ የተገኙበት በነፃ ወጣ። አንዱ እንግዳ ነው፣ ሌላው የሠፈሩ ልጅ ነው። ነዋሪዎቹ ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ የሚገልጽ ነገር አልጻፉም፤ እኔ ግን የሠፈር ልጅነት ዋጋ አለው ብዬ አስባለሁ።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ፊታችን ላይ ተደቀነ። ኩምበርላንድ ጋፕ በረጅሙ የተራራ ሰንሰለት ላይ የተከፈተ ጎድጓዳ በር ነው። ዳንኤል ቡን በ1775 ዱካውን ጠርጎ ካመላከተ በኋላ ቤተሰብ ከነልጁ፣ ከነከብቱ በዚህ በር እየጎረፈ ወደ ምዕራብ ፈልሷል። ዛሬ መኪናው ሽቅብ አይወጣም፤ ከ1996 ጀምሮ ተራራው ሥር መንታ ዋሻ አለ። በቴነሲ በኩል ገብተን በኬንታኪ በኩል ወጣን። አማቼ አንድ ነገር አሳየኝ፤ ተቀጣጣይና አደገኛ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና የዋሻው ሠራተኞች ሳያጅቡት አያልፍም። ለቤንዚን አጃቢ አለው፤ ለእባብ ግን ማን ያውቃል?

ሚድልስቦሮ ከዋሻው እንደወጣችሁ ናት። አሥር ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት፤ በ1880ዎቹ በድንጋይ ከሰልና በብረት ተስፋ የተቆረቆረች ናት። የተቀመጠችበት ክብ ሜዳ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ስፋቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከላይ ፒናክል ከሚባለው ገደል ላይ ቆማችሁ ስታዩዋት ሰታቴ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። ወደ ጸሎት ቤቱ አልሄድንም፤ የሰው ኀዘን ያለበት ቦታ ነው፣ ለማየት ብቻ መሄዱን አልወደድኩትም።

ኩትስ የካቲት 15 ቀን 2014፣ ኖክስቪል ላይ ከተያዘ ዓመት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በአገልግሎት ላይ እያለ ራትልስኔክ እጁን ነደፈው። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ተነድፎ ነበር፤ አንድ ጊዜ የጣቱን ግማሽ አጥቷል። እንደ ልማዱ ሐኪም አልፈልግም ብሎ ቤቱ ሄደ። የአምቡላንስ ሠራተኞች ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር፤ ሕክምናው ግን አልተፈለገም። በዚያው ምሽት ሞተ። ዕድሜው 42 ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከሰባት እስከ ስምንት ሺህ ሰው በመርዛማ እባብ እንደሚነደፍና ከእነዚህ የሚሞቱት አምስት ያህል ብቻ እንደሆኑ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ይናገራል። የመርዝ ማርከሻው በየሆስፒታሉ ስላለ ነው። የእኛ ገበሬ እፉኝት ሲነድፈው ማርከሻ ያለበት ጤና ጣቢያ ለማግኘት የሚጓዘውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ ደጅ ድረስ የመጣን ሐኪም መመለስ ለመረዳት ይከብዳል። አልፈርድበትም፤ ግን ይከብዳል።

በዚያች ጸሎት ቤት የተነደፈ እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1995 ከቴነሲ የመጣች አንዲት እናት እዚያው ተነድፋ ሞታለች። ባሏ እባብ ማንሳቱን አላቆመም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አላባማ ውስጥ በአገልግሎት ላይ ሳለ ተነድፎ እሱም ሞተ። አምስት ልጆች ቀሩ። ቴነሲ ኖሩ፣ እናታቸው ኬንታኪ ሞተች፣ አባታቸው አላባማ ሞተ። ልጆቹን ማን ያሳድግ የሚለው ነገር በአያቶች መካከል ፍርድ ቤት ደረሰ። ክርክሩ ውስጥ ዋናው ነጥብ ልጆቹ እባብ ወደሚነሳበት ጉባኤ ይወሰዳሉ ወይስ አይወሰዱም የሚል ነበር። አማቼ ይህን ሲነግረኝ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እሷ ግን ሰምታለች።

የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1975፣ በሌላ የእባብ ጉባኤ ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ሰው የፈለገውን የማመን መብቱ ፍጹም ነው፤ መንግሥት ግን በከንቱ ባልቴትና ወላጅ አልባ ልጅ እንዳይበዛ የመከላከል መብት አለው የሚል ሐሳብ በፍርዱ ውስጥ አለ። ስለሕግ ብዙ አንብቤያለሁ አልልም፤ ግን ዳኞች ባልቴትንና ልጅን እንዲህ በስም ጠርተው ሲከራከሩ እምብዛም አላየሁም።

ወደ ማምሻው ላይ ሦስቱ ግዛቶች ወደሚገናኙበት ጉብታ በእግር ወጣን። ከመኪና ማቆሚያው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጫካ ዱካ ነው፤ ለእኔ ጉልበት ትንሽ ይበዛል። ጫካው ራትልስኔክም ኮፐርሄድም የሚኖርበት ስለሆነ አማቼ ዱላ ቆርጦ ከፊት ከፊት ይመታ ነበር። ከላይ ለኬንታኪ፣ ለቴነሲና ለቨርጂኒያ የቆሙ ሰሌዳዎች አሉ። የልጅ ልጄ አንድ እግሯን ኬንታኪ፣ አንዱን ቨርጂኒያ አድርጋ፣ እጇን ቴነሲ ላይ አሳርፋ ፎቶ ተነሳች።

«አያቴ፣ በእኛ አገር እባብ አለ?» አለችኝ።

እንዴታ። እንዲያውም ከኢትዮጵያ በቀር የትም ዓለም በተፈጥሮ የማይገኝ የደጋ እፉኝት አለ፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ይኖራል። ሳይንስ የመዘገበው ገና በ1970ዎቹ ነው። ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው፣ የሸማኔ እጅ የነካው የሚመስል ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ እባብ አርቢዎች ይፈልጉታል፤ ከእኛ ልጆች ይልቅ እነሱ ሳያውቁት አይቀሩም። ቅድም ያነሳሁት ሌሲ አክት በዚህ በኩል እኛንም ይነካናል፤ የሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የወጣ እንስሳ አሜሪካ ሲገባም ወንጀል ነው ይላልና። በሻንጣችን በርበሬና ሽሮ ጭነን የምንገባ አያቶች ስንፈተሽ የምንማረረው ፍተሻ ይህንንም የሚፈልግ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ በእኔ ሻንጣ እፉኝት ይኖራል ብላ አላሰበችም መሰለኝ።

ስንወርድ ጨልሞ ነበር። ሚድልስቦሮ ለአዳር የያዝነው ቤት ድረስ የልጅ ልጄ ዝም ብላ መጣች፤ መኪናው ሲቆም ብቻ «የፓስተሩን ቦታ ማን ያዘ?» ብላ ጠየቀች።

«ልጁ» አላት አባቷ። ልጁ ከአባቱ ሞት በኋላ መድረኩን ተረክቧል። በኋላ እሱም በጉባኤው መካከል ተነደፈ፤ እሱን ግን ሆስፒታል ወሰዱትና ተረፈ።